የሠላሳ አንድ ቁጥር ፊርማ

ጋሽ ቆይ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በሚሠራበት የብረት ኮንቴይነር ውስጥ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ታጣፊ አልጋው ላይ በጎኑ ተኝቶ፣ አንድ እጁን ከጉንጩ ሥር እንዳደረገ። ያገኘው የግቢው መካኒክ ነበር። አንኳኳ፤ መልስ ሲያጣ ከፈተ፤ የጭስ ሽታ አፍንጫውን ሲመታው ወደ ኋላው አፈግፍጎ ጮኸ።

ግቢው ለሠራዊቱ ተንቀሳቃሽ የኃይል ማመንጫ የሚገጣጠምበትና የሚፈተሽበት ነው። ማመንጫው በተጎታች ላይ ይጫናል፤ የሚዘረጉ የፀሐይ ፓነሎች፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ባትሪ፣ አንዲት ትንሽ የናፍጣ ሞተር። ፀሐይ ሳለ ፓነሉ ይሠራል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ባትሪው ይተካል፣ ባትሪው ሲደክም ሞተሩ በራሱ ይነሳል። ወታደሮቹ «ድብልቅ» ይሉታል። ራዲዮ የሚያናግረው፣ ውሃ ከጉድጓድ የሚስበው፣ የመስክ ሐኪም ቤት መብራት የሚያበራው እሱ ነው። ጋሽ ቆይ ሦስት ቀን ፈትሾ ካልፈረመበት አንድም ድብልቅ ከበሩ አይወጣም። «ፈርምና እንገላገል» ሲሉት መልሱ ሁልጊዜ «ቆይ» ነበርና ስሙም እንዲያው ሆኖ ቀረ።

ኢንስፔክተሯ ከረዳቷ ሳጅን ጋር ስትደርስ ሐኪሙ ምርመራውን ጨርሶ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«የሞተር ጭስ ነው» አላት። «ፊቱ እንዴት እንደቀላ አየሽ? እንቅልፍ ላይ እንዳለ ነው የሄደው። ምንም አልተሰማውም።»

ኮንቴይነሩን በዓይኗ ዞረችው። በፍተሻ ላይ ያለው የድብልቁ ሞተር ጥግ ላይ አለ፤ አሁን ቆሟል። ጭሱን በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ ከሞተሩ ተላቆ መሬት ላይ ተጋድሟል። ቱቦውን አንቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ደግሞ እዚያው አጠገቡ ወድቋል። ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አየና «በንዝረት የተፈታ ይመስላል፤ አደጋ ነው» አለ።

«እስቲ ድገመው» አለችው።

ሳጅኑ ቀለበቱን ደግሞ አየው። አለቃው ኢንስፔክተሯ ሰው ሲናገር ሁለት ጊዜ ካላስባለች አታምንም፤ ጣቢያ ውስጥ በሌለችበት «እትዬ ድገመው» የሚሏትም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ግማሹ ሰው ቃሉን ያለሳልሳል።

«አደጋ… ሳይሆን አይቀርም» አለ ሳጅኑ።

ወደ ውጭ ወጣች። የድብልቁ ፓነሎች ከኮንቴይነሩ ጀርባ ጠጠር ላይ ተዘርግተው ያብረቀርቃሉ። በአጠገባቸው የቆመው የጭነት መኪና መስታወት አቧራ ለብሶ ሰው ጣቱን ቢያሳርፍበት ስሙን ይጽፍበታል። ይህን አየች፤ ግን ለጊዜው ምንም ነገር አላሰበችበትም።

የወርክሾፑ ኃላፊ ኢንጂነሩ ነው። ከስብሰባ በጥድፊያ ተመልሶ ከረባቱን እያላላ ተቀበላት።

«ከባድ አደጋ ነው» አለ። «ምሳ ሰዓት ላይ ደመና ነበር። ፓነሉ ሲደክም ሞተሩ ተነሳ፣ ቱቦው ተፈታ። ሰውዬው ደግሞ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ካላንቀላፋ አይሆንለትም። ሠላሳ ዓመት ሞተር ሥር የተኛ ሰው በጩኸት አይነቃም፤ ሞተር ሲቆም ነው የሚነቃው።»

«በሩንስ ለምን ዘጋው?»

«ፍተሻ ላይ ማቀዝቀዣ ያስነሳል፤ ማመንጫው ሸክም እንዲኖረው። በር ከፍቶ ማን ያቀዘቅዛል?»

«ደመናውን በዓይንዎ አዩት?»

«እኔማ አልነበርኩም። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ጦር ክፍሉ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ኮሎኔሉን ይጠይቁ።»

«ያልነበሩበትን ደመና ነዋ የነገሩኝ።»

ኢንጂነሩ ከረባቱን አስተካከለ። «ይሆናል ማለቴ ነው።»

የበሩ ጥበቃ ግን ሌላ ወሬ ነበረው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኢንጂነሩና ጋሽ ቆይ እንዲህ ተጯጩኸው አያውቁም። ሐሙስ አሥራ ሁለት ድብልቆች ወደ መስክ መሄድ አለባቸው፤ ጋሽ ቆይ አንዱም ላይ አልፈርምም ብሏል።

«ኢንጂነሩ ‘ካልፈረምክ ቦታህን ሌላ ይይዘዋል’ አለው» አለ ጥበቃው። «ጋሽ ቆይ ምን አለ መሰለዎት? ‘ከነሕይወቴማ አይይዘውም’።»

ሳጅኑ ኢንስፔክተሯን በዓይኑ ጠቀሳት። እሷ ግን ጥበቃውን፣ «ከምሳ በኋላ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?» አለችው።

መዝገቡን አመጣ። ኢንጂነሩ በስድስት ተኩል ወጥቷል። መካኒኩና ሹፌሩ ሰባት ሰዓት ላይ ወጥተው ስምንት ተኩል ላይ ተመልሰዋል።

«ሌላስ?»

«ሌላ ሰው የለም። እማማ ጠብታ ወጣ ገባ ትላለች፤ እሷን ማን ይጽፋታል? እንደ ነፋስ ናት።»

እማማ ጠብታ ፓነል አጣቢዋ ናት። ውሃ በፓነል ላይ ከደረቀ ነጭ ነጥብ ይተዋልና አንዲት ጠብታ እንዳታመልጣት በጨርቅ ተከትላ ታደርቃለች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ኢንስፔክተሯ ስታነጋግራት ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀምጣ እጇን አጣምራ ቆመች።

«ከምሳ በፊት ኮንቴይነሩን ጠርጌ ወጣሁ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

«ደህና ሰው ነበር?»

«ሥራውን ያውቃል ይሉታል» አለችና ባልዲዋን አነሳች።

መካኒኩን ወርክሾፑ በር ላይ ሲጋራ ሲያጨስ አገኙት። ኢንስፔክተሯ የብረቱን ቀለበት በፌስታል እንደታሸገ አሳየችው።

«አንተ ነህ ያሰርከው?»

«አዎ እትዬ፣ ሰኞ ጠዋት በካቻቢቴ አጥብቄ።» ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አየውና ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ በንዝረት አልተፈታም። ንዝረት ያላላል እንጂ ብሎኑን እስከ ጫፉ አያወጣውም። የብሎኑን ራስም እዩት፣ ተቧጭሯል። ሰፋ ባለ ነገር፣ በሳንቲም ወይ በቢላዋ ጀርባ ነው የተፈታው። እዚህ ግቢ መሣሪያ የሌለው ሠራተኛ ማን አለ? እኔ ብሆን በካቻቢቴ በሁለት ዙር እገላገለው ነበር።»

«አልፈታሁትም ማለትህ ነው።»

«አልፈታሁትም» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ሥራ ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው።»

«ሞተሩ መቼ እንደሚነሳ ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም። የዛሬው ደግሞ የፍተሻው ሁለተኛ ቀን ነበር። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ቆይ ባትሪውን አውቆ ያደክመዋል፤ ፓነሉ ብቻውን ሸክሙን ይችል እንደሆነ ለማየት። በዚያ ሰዓት ፓነሉ ላይ ጥላ ካረፈ ሞተሩ ሩብ ሰዓት አይቆይም፣ ይነሳል። ለዚህ ነው በሁለተኛው ቀን እማማ ጠብታን እንኳ ፓነል የማያስነካት። ‘ዛሬ ከነአቧራው ተይልኝ፤ በረሃ ላይ አጣቢ የለም’ ይላታል።»

ረቡዕ ጠዋት ሳጅኑ የድብልቁን መቆጣጠሪያ ሣጥን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ አፍጥጦ ተቀመጠ። ሣጥኑ የኃይሉን መጠን በየደቂቃው ይመዘግባል።

«ይኸው» አለ። «ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ የፓነሉ ኃይል ድንገት ዜሮ ገባ። ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አራት ላይ ሞተሩ ተነሳ። ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ፓነሉ ተመለሰ። ከዚያ ባትሪው ትንሽ ሲያገግም ሞተሩ ቆመ።»

«ደመና ነዋ» አለች ልትፈትነው።

«ደመና እንዲህ አይደለም፣ አለቃ። ደመና ያዳክማል እንጂ ዜሮ አያስገባም። ደግሞ ከግቢው ማዶ ሌላ ድብልቅ ተዘርግቶ ነበር፤ የሱን አየሁት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው። አንድ ሰው ይሄኛው ላይ ሸራ ጥሎበታል፤ ሃምሳ ደቂቃ ጠብቆ አንስቶታል።»

አደጋ የሚለው ወሬ እዚያ ላይ ሞተ። ሳጅኑ ኢንጂነሩን ለማሰር ቸኩሎ ነበር፤ ግን ኮሎኔሉ በስልክ፣ «ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ከፊት ለፊቴ ነበር፤ ስለ ሐሙሱ ርክክብ ሲያደክመኝ» አለ። ስብሰባው ላይ ስምንት መኮንኖች ነበሩ። መካኒኩንና ሹፌሩንም ምሳ ቤቱ ውስጥ ያያቸው ሰው ብዙ ነው።

«ሁሉም ንጹሕ ሆኑ» አለ ሳጅኑ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋች። ቁጥሮቹን እያየች ነበር። «ከመሸፈኑ በፊት ስንት ይላል?»

«ሦስት መቶ አሥር።»

«ሲገለጥስ?»

ሳጅኑ አየ፤ ደግሞ አየ። «ሦስት መቶ ስድሳ።»

«ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች እንዴት ይጨምራል?»

ትናንት ያየችው አሁን ትዝ አላት፤ አቧራ የጠጣው መኪና አጠገብ የሚያብረቀርቀው ፓነል። በሁለተኛው ቀን ማንም እንዳይነካው የታዘዘ ፓነል።

«ገዳዩ ሸራውን ካነሳ በኋላ ፓነሉን ወልውሎታል» አለች።

«ሰው ገድሎ ማን ጽዳት ይሠራል?»

«እጁ ሌላ ሥራ የማያውቅ ሰው።»

ሁለቱም ያሰቧት አንድ ሴት ነበረች። ግን ለምን? አንዲት አጣቢና አንድ ፈታሽ ምን አጣላቸው?

የጋሽ ቆይ ሚስት የምትኖረው ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የባሏ መነጽር ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ነው፤ ማንሳት አልቻለችም። ስታወራ ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ ሰው ሊያለቅስ አቅዶ ገና ሳይጀምር እንደሚያወራው።

«ሁለት ወር ሆነው፣ እንቅልፍ ካጣ» አለች። «‘በስሜ ፈርመውብኛል’ አለኝ። ጉንፋን ይዞት ሳምንት የተኛ ጊዜ ሠላሳ አንድ ቁጥር የሚሉትን ማሽን ፈትሾታል ብለው ልከውታል። ፊርማው የሱ ይመስላል፤ የሱ ግን አይደለም። ማሽኑ ሄደና እዚያ መስክ ሐኪም ቤት ኃይሉ ጠፋባቸው። ሰው ሞቷል።»

«ማን እንደፈረመ ያውቅ ነበር?»

«ከኢንጂነሩ በቀር ማኅተሙን ማን ይይዛል? ባትሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አሥራ ሁለቱም ይወድቃሉ ብሎ ነበር። ሐሙስ ኮሎኔሉ ለርክክብ ሲመጣ በሰው ፊት ሊነግረው ነበር።» ትንፋሽ ወሰደች። «ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሥራ ቦታ ቀና ብዬ የማላያት ሰው አለች ይለኝ ነበር። ‘እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?’ ይላል። ማን ናት ብለው አልነገረኝም።»

ኢንስፔክተሯ መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ሳትዘጋ ስልኳን አወጣች። የዚያ መስክ ሐኪም ቤት ሐኪም በሦስተኛው ሙከራ ተገኘ። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ሠላሳ አንድ ቁጥርን እንዴት እረሳዋለሁ?» አለ። «ልጁ ሆዱን ተመትቶ ነው የመጣው። ከፍተነዋል፤ ደም የሚመጠው መሣሪያ እየሠራ ነው። ባትሪው ሙሉ ነኝ እያለ ድንገት ሞተ። ሞተሩም መነሻ ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ባትሪ ነውና አልተነሳም። በእጅ ባትሪ ብርሃን ሃያ ደቂቃ ታገልን።»

«ልጁ ማን ነበር?»

«ምክትል አሥር አለቃ። ማደንዘዣ ሳንሰጠው በፊት ሲያስቀን ነበር። በድንኳኑ ቀዳዳ ፓነሎቹን አየና ‘አይዞን ዶክተር፣ ይሄን እናቴ ናት ያጠበችው’ አለኝ። እናቱ እዚያ እናንተ ጋ ፓነል አጣቢ ናት አሉ።»

ሐሙስ ጠዋት እማማ ጠብታ ግቢው ውስጥ የመጨረሻውን ፓነል እያደረቀች ነበር። ኢንስፔክተሯ ሳጅኑን በሩ ላይ አቁማ ብቻዋን ሄደች። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ማክሰኞ ይሄን ፓነል ለምን ወለወሉት?»

የሴትየዋ እጅ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ።

«ሸራው አቧራ አራገፈበት» አለች። «እጄ ለምዶ ነው። ስጨርስ ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ የገባኝ።»

«ቀለበቱንስ?»

«ከምሳ በፊት ስጠርግ፣ በሳንቲም። መካኒኩ ሲያስረው ስንቴ አይቻለሁ። ሞተሩ ተኝቶ ስለነበር እሱ ልብ አላለውም። ምሳውን በልቶ ገባ፣ ዘጋ። ሸራውን ጣልኩና አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ።» ጨርቁን አራት ላይ አጠፈችው። «ልጄ ሲሞት ሃያ ደቂቃ ፈጅቷል አሉኝ። ጓደኛው ለቅሶ ሊደርሰኝ መጥቶ ነው የነገረኝ። የማሽኑንም ቁጥር። እኔ አጥቤ ነው የላክሁት እኮ።»

«ጋሽ ቆይን አልጠየቁትም?»

«ኢንጂነሩን ጠየቅሁት። ሠላሳ አንድ ቁጥርን ማን አሳለፈው አልኩት። መዝገቡን ገለጠና ጣቱን አሳረፈበት። ‘የሱ ፊርማ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ’ አለኝ። ፊርማው እያለ ሰውየውን ምን ብዬ ልጠይቅ? ደግሞ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ይሸሽ ነበር። ጥፋት የሌለበት ሰው የሐዘንተኛ ዓይን ይሸሻል?»

ኢንስፔክተሯ በሥራዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው መርዶ ስትነግር ኖራለች። እንደዚህ ያለውን ግን ነግራ አታውቅም።

«እሱ አልፈረመም፣ እማማ» አለች። «ታሞ ተኝቶ ነበር። ፊርማው የሐሰት ነው። አሥራ ሁለቱንም አልፈርምም ያለው በልጅዎ ምክንያት ነው። ዛሬ ለኮሎኔሉ ሊናገር ነበር።»

እማማ ጠብታ አላለቀሰችም። ወደ ኮንቴይነሩ ዞረች፣ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች። ከዚያ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች። ኢንስፔክተሯም ባልዲውን ትታ ጎኗ ተቀመጠች። ሳጅኑ ሊቀርብ ሲል በእጇ ምልክት መለሰችው።

ኮሎኔሉ አራት ሰዓት ላይ ሲደርስ ኢንጂነሩ ፈገግ ብሎ በሩ ላይ ይጠብቀው ነበር። የተቀበለው ግን የኢንስፔክተሯ እጅ ነው፤ መዝገቡንና የጋሽ ቆይን የሕመም ፈቃድ ወረቀት ጎን ለጎን ይዛ። የፊርማውና የፈቃዱ ቀን አንድ ነበር። ኢንጂነሩ መጀመሪያ ካደ፣ ቀጥሎ የራሱን ጸሐፊ ከሰሰ፣ በመጨረሻ «የበላይ አካል ሲያጣድፈኝ ምን ላድርግ?» አለ።

«የፈረሙትስ ይሁን» አለችው ኢንስፔክተሯ። «ለዚያች እናት ጣትዎን ሲያሳርፉ ማን አጣደፈዎት?»

ኢንጂነሩን ወደ መኪናው ሲወስዱት ሳጅኑ ጠጋ ብሎ፣ «ጣት በመጠቆም ይከሰሳል?» አላት።

«በሐሰተኛ ሰነድ ይከሰሳል፤ ሰው ሞቶበታል። ስለ ጣቱ እኔ የማውቀው ሕግ የለም።»

አሥራ ሁለቱ ድብልቆች አልወጡም። ከሌላ ቦታ የመጡ ፈታሾች እያንዳንዳቸውን ሦስት ሦስት ቀን ይዘዋቸው ሰባቱ ወደቁ።

በሳምንቱ የጋሽ ቆይ ሚስት ጣቢያ መጣች። እማማ ጠብታን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ሳጅኑ አይሆንም ሊል ነበር፤ ኢንስፔክተሯ ፊቷን አየችና ፈቀደች። ራሷ ግን በሩ ሥር ቆመች፤ የሰው ልብ አይታወቅም።

እማማ ጠብታ ገና ስታያት ወንበሩን ትታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። ሚስትየዋ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«ተቀመጪ» አለቻት። «ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ አልመጣሁም። አላልኩሽም። ወደፊትም እንጃ።»

እማማ ጠብታ ራሷን ነቀነቀች።

«ግን እሱ አንድ ነገር ሊነግርሽ ፈልጎ ሁለት ወር አቅም አጥቷል። ሌሊት ተነስቶ እንዴት ብሎ እንደሚጀምር እኔ ላይ ይለማመድ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አይነግረኝም እንጂ። ስለዚህ ቃል በቃል አውቀዋለሁ።» ወንበሩን ሳብ አድርጋ ትይዩዋ ተቀመጠች፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። «‘እህቴ፣ ስለ ልጅሽ የማውቀው ነገር አለ’ ብሎ ነው የሚጀምረው። ልንገርሽ?»

እማማ ጠብታ ዓይኗን አነሳች።

«ንገሪኝ» አለች።